ቀጭ ቀጭ

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ የዊኒፔግ የካቲት፣
የሱቄን መስኮት ውርጭ ጠልፎት እንደ ነጠላ ጥለት፣
አቶ ወንድይራድ ገቡ።
ጓንታቸውን በጥርስ ሳቡ፣
ከካፖርት ውስጥ፣ ከሹራብ ውስጥ፣ ከካልሲ ውስጥ መዝዘው
አንዲት ጥቁር ሳጥን አስቀመጡ፣ በሁለት እጅ ይዘው።

«ሞታለች» አሉኝ። «ትናንት ማታ። ቀጭ ቀጭ ብላ፣
አረንጓዴ ዓይኗን አንዴ ገልጣ ከደነች፤ ከዚያ ወዲያ የለም ሌላ።»

እኔ ሥራዬ ነው፤ ለቅሶ ላይ አልቀመጥም፣
ሞተ ያሉኝን ሁሉ ሳላዳምጥ አልቀብርም።
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ቀጭ። ቀጭ። ዝም።
ሊነሳ ሞክሮ ጉልበት የከዳው እንጂ፣ የሞተ እንዲህ አያደርግም።

«የት ላይ ነበር የሰኳት?»
«ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት፤ ለመጎንበስ ወገቤ አልመች ስላለኝ።»
«በምን ገመድ?»
«ረጅም ገዛሁ፤ ሶፋው ድረስ የሚደርስልኝ።»
«ማን ነበረ አብሯት?»
አሰቡ። «ማውዝ፣ ፕሪንተር፣ የልጅ ልጄ ስልክ፣
ማራገቢያ፣ አምፖል። በአንዲት ማከፋፈያ፣ ስድስቱም ቀዳዳ ሞልቶ ልክ።»

ያቺ ማከፋፈያ የራሷ ጓዳ የላትም፣
ከግድግዳ አትበላም፤ የኮምፒውተሩን አንድ ጉርሻ
ለስድስት አፍ ስትቆራርስ ማደሯ ነው እስከ መጨረሻ።
ማውዝስ በፍርፋሪ ያድራል።
ይቺ ግን ሆዷ ውስጥ ሰሃን አለ፤ ለማሽከርከር ጉልበት ይፈልጋል።
የመጀመሪያዋ ዙር ናት ከባዷ፣
የቆመ ጋሪ እንደ መግፋት፤ ከዚያማ ቀና ነው መንገዷ።
እዚያች ላይ ነው የምትወድቀው። መርፌዋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤
እሱ ነው ቀጭ ማለቷ። ታፍራለች መሰለኝ። ደግሞ ትነሳለች።

ማከፋፈያውን ነቀልኩት።
ረጅሙን ገመድ ጠቀለልኩት፤
ገመድ እንደ መልእክተኛ ነው፣ መንገዱ ሲረዝም ከአደራው ይቀምሳል።
ከኋላ ሰካኋት፣ ከማዘርቦርዱ አጠገብ፣ በአጭሩ።
ቀጭ። ቀጭ። ዝም።
አቶ ወንድይራድ ጓንታቸውን አነሱ። «አላልኩም?»

ያልከፈትኩት መሳቢያ ግን ነበረኝ፤
ባለ ሁለት ራስ ገመድ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሁለት ዶላር የገዛሁት፣ ማንም ያልጠየቀኝ።
አንዱን ራስ እዚህ፣ አንዱን እዚያ፤ ከሁለት ጓዳ እንድትበላ።
ድር ቢያብር ይላሉ። እኔስ ምን ላድርገው አንበሳ?
አንዲት ሰሃን ትዙርልኝ እንጂ፣ ከተኛችበት ትነሳ።

ቀጭ።
ከዚያ፣
ከሩቅ እንደሚመጣ ንብ
እዝዝዝ።
አረንጓዴ ዓይኗ ተገለጠ። ቆየ። አልተከደነም።

አሥራ አንድ ማህደር። ስማቸው ዓመት ብቻ፣ ሌላ የለም።
«ምንድን ናቸው?»
«በረዶ» አሉኝ። «ቀዩ ወንዝ፣ በሚያዝያ ሲፈነዳ።
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ
በድልድዩ ስሻገር የሞተሩ ጩኸት ነበር ሸፍኖት፤
ጡረታ ስወጣ ነው የሰማሁት። መቅጃ ይዤ ሄድኩበት።»

አንዱን ከፈትን።
ነፋስ። ነፋስ።
ቀጭ። ቀጭ።
ተያየን። ያው ድምፅ ነበር፤ ከወገን ወገን እንደ መልስ።
ከዚያ እንደ ትልቅ ግንድ ስንጥቅ፣ ከዚያ ውኃ፣
ከዚያ ሳል። ሁለት ጊዜ፤ የሴት።

እጃቸውን ከማውዙ አነሱ።
«ጥሩዬ ናት» አሉ። «በረዶ አትወድም ነበር።
‹ብርዱ ብቻህን አይብላህ› እያለች ነው የምትከተለኝ።»

ሳሉ አለፈ። ወንዙ ቀጠለ።

«አሁኑኑ ወደ ሌላ እንገልብጠው» አልኳቸው፣ «ገና ጉልበት ሳላት።»
«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«አራት።»
ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡ።
ገመዱን ማንም እንዳይነካው ወንበሬን አስጠጋሁ፣
እንደማይገናኝ እያወቅሁ፣
የሻይ ማፍያዬን ከግድግዳው ነቀልኩ፤
ምን ይታወቃል፣ እንዳይሻማት ብዬ።